ከጅማ ክረምት እስከ ሰሜኑ ጫካ፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ከጅማና ከአካባቢዋ የሚደርሱን ጥያቄዎች ሰሞኑን አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ለትምህርትና ለሥራ ወደ ፊንላንድ፣ ወደ ስዊድንና ወደ ካናዳ የሚሄድ ዘመድ ያለው ብዙ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከከተማው ዳር ወጣ ሲሉ ጫካ ነው። ከአላስካና ከካናዳ ተነስቶ፣ ስካንዲኔቪያንና ፊንላንድን አልፎ፣ ሳይቤሪያን እስከ ዳር የሚያለብሰው ይህ የብርድ አገር ደን «ታይጋ» ወይም «ቦሪያል ደን» ይባላል። ጀማሪ ሰው እዚያ ደን ውስጥ ሌሊቱን እንዴት በደህና ያነጋል? ደግሞስ ጅማ ላይ ሆኖ ምን ሊለማመድ ይችላል? ከሰባት አንባብያን የመጡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሰናል።

ጥያቄ፦ በደን ሳይንስ ተመርቄ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ፊንላንድ፣ ዮኤንሱ ከተማ ልሄድ ነው። የመስክ ሥራ እንዳለው ተነግሮኛል። በረዶ የማውቀው ቆርቆሮ ላይ ሲንጣጣ ብቻ ነው። ቪዲዮ ላይ ወጥመድ ሲያጠምዱ፣ ከግንድ ቤት ሲሠሩ አያለሁ። እኔ ከየት ልጀምር?
— ተመራቂ፣ ከቦሳ ቂጦ

መልስ፦ እህታችን፣ ወጥመዱንና የግንድ ቤቱን ለጊዜው ተዪው። እዚያ ደን ውስጥ ሰውን ቶሎ የሚገድለው ረሃብ ወይም አውሬ ሳይሆን እርጥበትና ነፋስ ነው። ጤነኛ ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት፣ ያለ ውሃ ደግሞ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ልብሱ የራሰ ሰው ግን ነፋስ ካገኘው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ያውም ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ 5 ዲግሪ እያሳየ። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያስተላልፋል፤ ገላ ላይ የተጣበቀ እርጥብ ሸሚዝ የሰውነትን ሙቀት ሲመጥ ይውላል። ስለዚህ የትምህርትሽ ተራ እንዲህ ይሁን፦ አለመርጠብ፣ እሳት፣ ከመሬት ተለይቶ መተኛት፣ አቅጣጫ። ምግብ የመጨረሻው ነው።

ጂንስና የጥጥ ካናቴራ ለመስክ አትያዢ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። ገላሽን የሚነካው ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ በላዩ ወፈር ያለ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል ጃኬት ይሁን። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ልብስ በማነስ ሳይሆን ለብሰው በመሥራት ነው፤ ደራርበው እንጨት ሲቆርጡ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ሥራው ሲያልቅ ያ ላብ ይቀዘቅዝባቸዋል። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አንዱን አውልቂ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ትንሽ ሊበርድሽ ይገባል። ቆም ስትዪ ግን ብርዱ እስኪሰማሽ ሳትጠብቂ ወዲያው ደርቢ።

ጫማ ስትገዢ ሁለት ካልሲ ደርበሽ ጣቶችሽን እንደ ልብ የምታንቀሳቅሺበትን ምረጪ። የጠበበ ቦት ደም ያግዳል፤ ደም ያልደረሰው ጣት ደግሞ ቀድሞ በውርጭ ይመታል። አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ በፌስታል ቋጥረሽ ለመኝታ ብቻ አስቀምጪ።

ሌሊት ላይ ከአየሩ ይልቅ መሬቱ ይከፋል። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከሥር ምንም ያላነጠፈ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል፤ ምክንያቱም ክብደቱ ከሥሩ ያለውን ልብስ ጨፍልቆ ሙቀት የሚይዘውን አየር ያስወጣዋል። ለዚህ ውሃ የማይጠጣ የካምፕ ፎም ፍራሽ ያስፈልግሻል፤ በክረምታቸው ሁለት ቢደረብ ይመረጣል። በመጻሕፍት የምታገኚው የስፕሩስ (ጥድ መሰል የሰሜን ዛፍ) ቅርንጫፍ አልጋ እውነት ይሠራል፤ ሲተኙበት ስለሚጨፈለቅ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ መከመር አለበት። ነገር ግን ሕጉን እወቂ። በፊንላንድ ማንም ሰው በደን ውስጥ መሄድ፣ ለአጭር ጊዜ ድንኳን መትከል፣ የጫካ ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ይችላል። ከቆመ ዛፍ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ቅርፊት መላጥና ሜዳ ላይ እሳት ማንደድ ግን የባለመሬቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የደን ቃጠሎ ማስጠንቀቂያ በታወጀበት ጊዜ ደግሞ ፈቃድ ቢኖርሽም ሜዳ ላይ እሳት አይነድድም።

ለጀማሪ ትልቁ በረከት «ላቩ» የሚሉት መጠለያ ነው። ሦስት ጎኑ የተዘጋ፣ ፊቱ ለእሳት ቦታ ክፍት የሆነ የእንጨት ጎጆ ሲሆን በየእግር መንገዱ ዳር ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ማገዶም ይቀመጥበታል። የመጀመሪያ ሌሊቶችሽን ከሰው ጋር እዚያ አሳልፊ።

አንድ ነገር እንጨምር። ጅማ ላይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ይመሻል። ዮኤንሱ በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን 5 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ገና 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራትና መለዋወጫ ባትሪ ሁልጊዜ ይዘሽ ውጪ። ስልክሽንም ገላሽ አጠገብ አድርጊው፤ በብርድ ባትሪው ቶሎ ይደክማል። የአደጋ ጊዜ ቁጥራቸው 112 ነው፤ «112 ሱኦሚ» የሚባለውን መተግበሪያ ከጫንሽ ስትደውዪ ያለሽበትን ቦታ ለተረኛው ይልካል።

ጥያቄ፦ በሐምሌ ጫካ ውስጥ አንድ ክብሪት ሙሉ ጨርሼ እሳት አልያዘልኝም። የሰሜን አገር ሰዎች በበረዶ መሀል እንዴት ያነዳሉ? «ፌሮ ሮድ» የሚሉት፣ ሲፋቅ ፍንጣሪ የሚረጭ ዘንግስ ከክብሪት ይሻላል?
— መምህር፣ ከሰቃ

መልስ፦ መምህራችን፣ ክብሪቱ አልበደለም። እሳት አልይዝ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ክብሪት ከመጫሩ በፊት በተደረገው፣ ወይም ባልተደረገው ነገር ነው።

እንጨቱን ከመሬት አያንሱ። መሬት ላይ የወደቀ እንጨት እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል። የሚፈለገው ሞቶ የቆመ ወይም በሐረግና በሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ነው። በሰሜኑ ጫካ ስፕሩስ የሚባለው ዛፍ ከቅርንጫፉ ጥላ ሥር፣ ግንዱ አጠገብ፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ደረቅ ጭራሮዎች አሉት፤ ዝናብም በረዶም ብዙ አይደርስባቸውም። መፈተኛው እዚያም እዚህም አንድ ነው፦ ጭራሮውን ሲሰብሩት «ቀጭ» ብሎ ከተሰበረ ደረቅ ነው፤ ከጎበጠ ይጣሉት። ካጠራጠረዎት ስብራቱን ከንፈርዎ ላይ ያሳርፉት። እርጥብ ከሆነ ይቀዘቅዛል።

በሐምሌ የሁሉም እንጨት ላይ ላዩ እርጥብ ነው፤ ውስጡ ግን ላይሆን ይችላል። የእጅ አንጓ የሚያህል ሞቶ የቆመ እንጨት ቆርጠው በአራት ይፍለጡት። ከውስጥ ወገኑ በቢላዋ ስስ ስስ እያደረጉ ይላጉት፤ ልጡ ሳይቆረጥ እንጨቱ ላይ ተጠቅልሎ ይቅር። ሰሜኖቹ ይህን የላባ እንጨት ይሉታል፤ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ቢላዋው ካልተሳለ ግን ልጡ ይቆራረጣል እንጂ አይጠቀለልም።

ከዚያ መጠኑ። ክብሪት ከመጫርዎ በፊት ሦስት ክምር አጠገብዎ ይኑር፦ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ሁለት ትልልቅ ጭብጥ፣ እንደ እርሳስ የወፈረ ሁለት ጭብጥ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ አንድ እቅፍ። ሰው እሳቱን ለኩሶ እንጨት ፍለጋ ሲሄድ እሳቱ ይሞታል። ደግሞ በቀጥታ እርጥብ መሬት ላይ አያንድዱ፤ የእጅ አንጓ የሚያህሉ እንጨቶች ጎን ለጎን ደርድረው ወለል ያበጁለት። በበረዶ ላይ ይህ ወለል የግድ ነው፤ ያለዚያ እሳቱ ከሥሩ ያለውን በረዶ አቅልጦ ራሱን ያጠፋል። በረዶ ከተሸከመ ቅርንጫፍ ሥርም አይነድድም፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ሲደርስ ክምሩ ተንሸራቶ እሳቱ ላይ ይወርዳል።

አሁን ወደ ዘንጉ እንምጣ። ፌሮ ሮድ ከክብሪት አይሻልም፤ ከክብሪት ይቆያል። ውሃ ውስጥ ወድቆ ቢወጣ ተጠርጎ ይሠራል፤ ፍንጣሪው እስከ 3,000 ዲግሪ ይደርሳል። ግን ፍንጣሪ ነበልባል አይደለም፤ ወዲያው የሚይዝለት ደቃቅ ነገር ይፈልጋል። በሰሜን ይህ የበርች ቅርፊት ነው። በርች ግንዱ ነጭ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ ዘይታማ ስለሆነ ረጥቦም ይነዳል። ከወደቀ ዛፍ ወይም ከተፈለጠ ማገዶ የተላጠ፣ መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ጉልበትዎ ላይ ያስቀምጡ። በቢላዋው ጀርባ እየፋቁ የጠርሙስ ቆርኪ የሚሞላ ዱቄት ያውጡ፤ ቡናማ፣ ጭምልቅልቅ ያለ ዱቄት ነው። እዚያው ቅርፊቱ ላይ አንድ ቦታ ይሰብስቡት። የዘንጉን ጫፍ ዱቄቱ መሀል ተክለው የቢላዋውን ጀርባ ይጫኑበት። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው፦ ቢላዋውን ወደ ፊት ገፍቶ ክምሩን ይበትነዋል። ቢላዋው ባለበት ይቆይ፤ ዘንጉን ወደ ራስዎ ይሳቡት፣ በዝግታ፣ በኃይል። ነጭ ፍንጣሪ ዱቄቱ ላይ ይረግፋል፤ ዱቄቱ አንድ ጊዜ ጠቆር ይልና ዳር ላይ ብርቱካንማ ነበልባል ያወጣል፣ ጥቁር ጭስ ይከተላል። ጥቁር ጭስ ሲያዩ ዘይቱ ይዟል ማለት ነው። ወዲያው የቀጠነውን ጭራሮ በላዩ ያድርጉ፤ አይጫኑት፣ አየር ይግባው።

አዲስ ዘንግ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ስለሚመጣ ፍንጣሪ አልሰጥ ቢልዎት ቀለሙን መጀመሪያ ይፋቁት። የቢላዋው ጀርባ ድብልብል ከሆነ አይሠራም፤ ጠርዙ ስል መሆን አለበት።

በጅማ በርች የለም፤ ግን በርች የሚሠራውን የሚሠሩ አሉ። ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተልጦ የተንጠለጠለው ደረቅ ቅርፊት በእጅ ታሽቶ ቃጫ ሲሆን ጥሩ መለኮሻ ነው። ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ የጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ ርሶም ይነዳል። ግማሽ ጧፍ ኪስዎ ውስጥ ካለ ደግሞ አንድ ክብሪት ብዙ ደቂቃ የሚቆይ ነበልባል ይሆንልዎታል። በብርድ አገር የጋዝ ላይተር ብቻ መያዝ አደጋ ነው፤ ውስጡ ያለው ቡቴን ከዜሮ በታች ሲሆን ጋዝ መሆኑን ያቆማል። ብብት ውስጥ ጥቂት ካሞቁት ይመለሳል። የሚመከረው ክብሪት፣ ዘንግና ላይተር ሦስቱንም በተለያየ ኪስ መያዝ ነው።

ጅማ በዝናብ የታደለች አገር ናት፤ ይህን የመሰለ ትምህርት ቤት ፊንላንዶችም የላቸውም። በሐምሌ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ዝናብ ባባራ በሰዓቱ ውስጥ፣ ግቢዎ ውስጥ ይሞክሩ። መጀመሪያ በሦስት ክብሪት፣ ቀጥሎ በአንድ፣ ከዚያ በዘንጉ ብቻ፤ መጨረሻ ላይ ከባዶ እጅ ተነስተው አንድ ሊትር ውሃ እስኪፈላ ሰዓት ይያዙ። ከ40 ደቂቃ በታች ሲገቡ ሰሜኑም አያሸንፍዎትም።

ጥያቄ፦ ልጄ በካናዳ በሰሜን በኩል ጫካ ውስጥ ችግኝ ተከላ ተቀጥሯል፤ ድንኳን ውስጥ ነው የሚያድረው። በስልክ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ጋቢ፣ በሶ፣ ቅቤ፣ ለብርዱም ትንሽ አረቄ ልላክለት?
— እናት፣ ከህርማታ

መልስ፦ እናታችን፣ በሶው ይሂድ። ሰውነት ሙቀት የሚያወጣው ከምግብ ነው፤ በሶ ደግሞ ማብሰያ አይፈልግም፣ አይከብድም፣ አይበላሽም። ቅባት ከእህል እጥፍ በላይ ኃይል አለው፤ ስለዚህ ጭኮ ለብርድ አገር የተፈጠረ ስንቅ ነው ማለት ይቻላል። ከመተኛቱ በፊት አንድ ሁለት ጉርሻ ቢበላ ሌሊቱን ከውስጥ ያሞቀዋል። ቅቤ ያለበትን ነገር ግን ከመላክዎ በፊት ካናዳ መግባት መቻሉን ያስጠይቁ፤ የወተት ውጤት ላይ አገሮች ጥብቅ ሕግ አላቸው።

ጋቢው ጥጥ ነው። ደረቅ ሆኖ ድንኳን ውስጥ ሲለበስ ይሞቃል፤ የእርስዎም ሽታ ያለበት ነው፣ ይላኩለት። ግን ወደ ሥራ ለብሶት እንዳይወጣ ይንገሩት፤ ከራሰ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። የመንዝ ባና የሚያገኙለት ከሆነ እሱ የበግ ጠጉር ነው፤ ቢረጥብም ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

አረቄው ይቅር። ሲጠጡት የሚሰማው ሙቀት ደሙ ከሆድና ከደረት ወደ ቆዳ ሲወጣ ነው፤ ቆዳ ላይ የወጣው ሙቀት ወደ አየር ይበተናል፣ ልብና ሳንባ ይቀዘቅዛሉ። በተጨማሪም መንቀጥቀጡን ያደክማል። መንቀጥቀጥ ደግሞ ሰውነት ራሱን የሚያሞቅበት መሣሪያ ነው። ልጅዎ ተንቀጥቅጦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ሰውነቱ እየታገለ ነው፤ ትኩስ ነገር ጠጥቶ ደረቅ ሲለብስ ያልፍለታል። የሚያስፈራው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል፤ ምልክቱ በሥራ ጓደኞቹ ሁሉ ይታወቅ። ሰውየው ይነጫነጫል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ጃኬቱን መቆለፍ ያቅተዋል፣ ሜዳ ላይ ይደናቀፋል፤ ራሱ ግን «ደህና ነኝ» ይላል። ስለዚህ እሱን አይሰሙትም። ከነፋስ ያስገቡታል፣ እርጥቡን አውልቀው ደረቅ ያለብሱታል፣ ከሥሩ ፍራሽ ያነጥፉለታል። የሚውጥ ከሆነ ሞቅ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ ያጠጡታል። እጅና እግሩን አያሹም፤ በጥንቃቄ ይይዙታል፣ እርዳታ ይጠራሉ። ጣት ወይም ጆሮ ነጭ ሆኖ ከደነዘዘ በበረዶ ማሸት የቆየ ስህተት ነው። እንደገና የማይቀዘቅዝበት ቦታ ሲደርስ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል።

ጥያቄ፦ ድብና ተኩላ ቢመጡስ? ደግሞ የጫካ እንጉዳይ መብላት ይቻላል?
— ተማሪ፣ ከአጋሮ

መልስ፦ ድብም ተኩላም አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ድምፅህን ሲሰሙ ገለል ይላሉ። እያወራህ ሂድ፣ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድር፣ ድብ ካየህ አትሩጥ፣ ፊትህን ሳታዞር ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሂድ። በፊንላንድና በስዊድን ከድብ ይልቅ መዥገርን ፍራ፤ የነርቭና የአንጎል በሽታ ያስተላልፋል። ማታ ማታ ብብትህን፣ ብሽሽትህንና ከጉልበትህ ጀርባ ፈትሽ፤ ካገኘህ በወረንጦ ቆዳህ ድረስ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ንቀለው።

እንጉዳይን በተመለከተ መልሳችን አጭር ነው፦ ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆንክ አትንካ። በዚያ ደን የሚበቅል አንድ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ለዓይን የሚያምር እንጉዳይ አለ፤ መርዙን መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም። ማስመለሱና ማስቀመጡ የሚጀምረው ከተበላ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መርዙ ጉበት ደርሷል።

ጥያቄ፦ ሸቤ አጠገብ ባለው በለጠ ጫካ እንግዳ አስጎበኛለሁ። አንድ እንግዳ «እኩለ ቀን ላይ ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይጠቁማል» ብሎ ካርታውን አዞረብኝ፤ ጊዜው ሰኔ ነበር። ማን ልክ ነው?
— አስጎብኚ፣ ከሸቤ

መልስ፦ እሱ በአገሩ ልክ ነው፣ አንተ በአገርህ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ታልፋለች፤ ስለዚህ በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ጥላህ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ይመለሳል። በቦሪያል ደን አገር ግን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዘወትር በደቡብ ናት፤ በታኅሣሥ ዮኤንሱ ላይ ከአድማስ ከፍ የምትለው 4 ዲግሪ ብቻ ነው። ክንድህን ዘርግተህ ጡጫህን ብትጨብጥ ወርዱ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ያቺ ፀሐይ የጡጫህን ግማሽ አትሞላም ማለት ነው። በዛፍ መሀል ከሆንክ ጨርሶ ላታያት ትችላለህ።

ይኸው ጡጫ ለሰሜን ኮከብም ይሠራል። ኮከቡ ከአድማስ የሚርቀው አንተ ከምድር ወገብ በራቅህበት ዲግሪ ልክ ነው። ጅማ ላይ አንድ ጡጫ እንኳ አይሞላም፣ ኮረብታ ይጋርደዋል፤ ዮኤንሱ ላይ ስድስት ጡጫ ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ይታያል።

ለሁለቱም አገር የሚሠራ ዘዴ ከፈለግህ አንድ ሜትር እንጨት ሜዳ ላይ ትከል። የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርግ፣ 20 ደቂቃ ቆይተህ እንደገና ምልክት አድርግ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። የመጀመሪያውን በግራ እግርህ፣ ሁለተኛውን በቀኝ እግርህ አድርገህ ስትቆም ፊትህ ወደ ሰሜን ነው። ግምት ነው፣ ግን አያሳፍርም። «የዛፍ ሽበት የሚበቅለው በሰሜን ጎን ነው» የሚለውን ግን እርሳው፤ እርጥብ ጫካ ውስጥ ግንዱን ዙሪያውን ይሸፍነዋል።

ኮምፓስ ያለው ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። መርፌው የሚጠቁመው መግነጢሳዊውን ሰሜን ነው። ጅማ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አያስቸግርም፤ በካናዳ አንዳንድ ቦታ ግን ከ15 ዲግሪ ይበልጣል፣ ካርታው ላይ የተጻፈውን ሳያስተካክል የሄደ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር ከ250 ሜትር በላይ ይስታል።

የጠፋ እንግዳ ቢያጋጥምህም የሚነገረው በሁለቱም ጫካ አንድ ነው። መንገዱ እንደጠፋህ በጠረጠርክበት ደቂቃ ቁም፣ ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ። ሦስት ጊዜ ፊሽካ ንፋ፣ ዝም ብለህ አዳምጥ፣ ድገም። ሰው የሚሞተው «ትንሽ ብሄድ እደርሳለሁ» ብሎ ከሚፈለግበት ቦታ ሲርቅ ነው። የት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ለአንድ ሰው ነግረህ ከወጣህ ፈላጊ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ሐይቅ ላይ ሲራመድ ቪዲዮ ላከልኝ። እንዴት ያምነዋል?
— ወጣት፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ በልኬት ያምነዋል። ለአንድ እግረኛ 10 ሳንቲ ሜትር የወፈረ፣ ጠንካራና ጥርት ያለ ግግር በረዶ ይበቃል። ነጭ የሆነው ግግር አየርና እርጥብ በረዶ የተቀላቀለበት ስለሆነ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው፣ ውፍረቱም እጥፍ መሆን አለበት። ወንዝ የሚገባበት አፍ፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ድልድይ ሥርና ቄጠማ የበቀለበት ዳር፣ ሌላው ሁሉ ቢጠነክር እንኳ ይስሳል። ከላይ የተኛ ብናኝ በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ግግሩ እንዳይወፍር ስለሚያደርግ ያሳስታል።

የሐይቅ አገር ሰዎች አንገታቸው ላይ በገመድ የታሰሩ ሁለት ሹል መንጠቆዎች ሳያንጠለጥሉ አይወጡም። ግግሩ ተሰብሮ የገባ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ይዞ ትንፋሹን ማስተካከል ብቻ ነው ሥራው። ከዚያ እጁ እንደ ልብ የሚታዘዘው 10 ደቂቃ ያህል ነው። ወደ መጣበት አቅጣጫ ይዙር፤ ያ ግግር ተሸክሞት ነበርና። መንጠቆዎቹን ሰክቶ፣ እንደ ዋናተኛ እግሩን እየመታ በሆዱ ይውጣ፤ ሲወጣ አይቁም፣ እየተንከባለለ ይራቅ። የአክስትህን ልጅ መንጠቆ መግዛቱን ጠይቀው።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለት ሆነን በበለጠ ጫካ አንድ ሌሊት ማደር እንፈልጋለን። ምን እናዘጋጅ?
— የተፈጥሮ ክበብ አባላት፣ ከጅማ

መልስ፦ መጀመሪያ ፈቃድ። ደኑ ባለቤት አለው፤ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝን ጽሕፈት ቤትና «ዋቡብ» የሚባሉትን የአካባቢውን የደን ማኅበራት አነጋግሩ። ከማኅበሩ አንድ ሰው አብሯችሁ ቢያድር ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ትማራላችሁ። እሳት የሚፈቀድበትን ቦታ እነሱ ያሳዩአችሁ፤ የዱር ቡናው የሰው እንጀራ ነው።

በሦስት ቡድን ተከፈሉ፣ ለየቡድኑ አንድ መጥረቢያ ብቻ ይበቃል። የሚፈልጠው ሰው ክንዱን ከነመጥረቢያው ዘርግቶ ዙሪያውን ይዙር፤ በዚያ ክብ ውስጥ ማንም አይቁም። ቀጭን እንጨት የሚፈልጥ ተንበርክኮ ይፍለጥ፤ ቆሞ የሳተ መጥረቢያ ቅልጥም ያገኛል፣ ተንበርክኮ የሳተ መሬት ይመታል። ጨለማ ከሆነ በኋላ መጥረቢያና ገጀራ አይነሳም።

ለመጠለያ 3 በ4 ሜትር ሸራ ለአራት ሰው ይበቃል። ከመትከላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር አይታደርም። ሸራው ላይ ውሃ እንዳይቋጥር አንዱን ጎን በደንብ ዝቅ አድርጉ። የሸራውን ገመድ ተከትሎ የሚወርደው ዝናብ መኝታችሁ ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ ሸራው አጠገብ ገመዱ ላይ አጭር ሲባጎ አንጠልጥሉ፤ ውሃው በሲባጎው ይወርዳል።

የምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ቢመስልም አፍሉት። መንተክተክ ከጀመረ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ።

ለመውጣት ካሰባችሁበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ እሳቱን ማንደድ አቁሙ። ፍሙን በትናችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱ። ጫካ ውስጥ አፈሩ ራሱ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ስለሆነ ረመጥ ከሥር ተደብቆ እየጨሰ ይቆይና ከቀናት በኋላ ሌላ ቦታ ሊነሳ ይችላል፤ በፊንላንድም በበለጠ ጫካም ይህ አይለይም። አፈር ማልበስ ስለዚህ አይበቃም። የመዳፋችሁን ጀርባ መጀመሪያ ወደ አመዱ አስጠጉ፤ ሙቀት ካልተሰማችሁ ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ። ለብ ካለ፣ ሌላ ጄሪካን ውሃ ቅዱ።